ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠላ መጥመቅ፦ ለጀማሪ፣ ከጥንስስ እስከ ጉሽ

አክስቴ ጠላ ስትጠምቅ ሚዛን አታውቅም። ጌሾው በእፍኝ ነው፣ ብቅሉ በጣሳ፣ ውሃው በዓይን። «ስንት ልጨምር?» ስትሏት መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ «እስኪበቃው»። ለእሷ ይሠራል። ለእኔ አልሠራም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንስሶቼን ደፋኋቸው። ሦስተኛው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እፍኟን ዱቄቱ ውስጥ ባስገባች ቁጥር «ቆይ፣ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ» እላለሁ፣ እሷ ትስቅብኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲህ የደፋሁት የለም ብል ውሸት ነው። ግን አሁን ለምን እንደደፋሁት አውቃለሁ።

ልኩን አሳንሼዋለሁ። ስምንት ሊትር ገደማ ይወጣዋል። ጋንም ጓሮም የሌለው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሊሠራው ይችላል። ለሠርግ አይሆንም። እሁድ ከሰዓት ለሚመጡ አምስት ስድስት ጓደኞች ግን ይበቃል።

ጠላ ቢራ ነው?

አዎ። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከውጭ የመጣ የብረት በርሜል፣ ቴርሞሜትርና የታሸገ እርሾ ነው። ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1922 ሥራ ሲጀምር ግን የገብስ መጠጥ በየቤቱ ጋን ውስጥ ድሮውንም ነበር። ገብስ፣ ብቅል፣ መራራ ቅጠልና ውሃ ካለ ቢራ አለ። ፈረንጁ ለምሬቱ ሆፕስ ይጨምራል፣ እኛ ጌሾ። ትግራይ ላይ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ ይባላል። ሙያቸው ግን ዘመዳማች ነው።

ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው፤ እሱን ከተረዳችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል። ፋብሪካ ውስጥ ብቅሉ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። በዚያ ሙቀት ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይሩታል። ጭማቂው ይጣራል፣ ከሆፕስ ጋር ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እርሾ ይገባበታል። ሁሉም በተራው ነው። ጠላ ተራ አይጠብቅም። ብቅሉ ስታርቹን ስኳር ሲያደርግ፣ እርሾው ከሥር ከሥሩ እየተከተለ ይበላዋል። ሁለቱም ሥራ በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ነው።

እርሾውንም ማንም አይጨምረውም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ራሱ ይመጣል። በፈረንጆቹ 1516 ባቫሪያ ውስጥ የወጣው ታዋቂው የቢራ ሕግ ገብስ፣ ሆፕስና ውሃ ብቻ ሲል እርሾን አልጠራም። አክስቴም አትጠራውም። እሷ የምትለው «ጥንስሱ ተነሳ» ነው።

ከዚህ ሁለት ሕጎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ብቅል ምጣድ አይነካም። ከተቆላ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ስታርቹን የሚለውጥላችሁም አይኖርም። ሁለተኛ፣ ትኩስ ነገር ጥንስስ ውስጥ አይገባም። እርሾው ይቃጠላል። የደፋኋቸው ሁለቱ ጥንስሶች አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ነው የሞቱት።

ምን ያስፈልጋል?

የደረቀ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፦ 150 ግራም
የተቀጠቀጠ የጌሾ እንጨት፦ 100 ግራም
የተፈጨ የገብስ ብቅል፦ 500 ግራም
ለቂጣ የሚሆን ዱቄት፦ 1 ኪሎ (እኔ ገብስና ስንዴ ግማሽ ግማሽ አደርጋለሁ)
ለአሻሮ የሚቆላ ገብስ፦ 1 ኪሎ ተኩል
ውሃ፦ በጠቅላላው 12 ሊትር ገደማ

ጌሾና ብቅል መርካቶም ሾላም፣ ሰፈራችሁ ጉልት ላይም ታገኛላችሁ። ጌሾውን ስትገዙ ቀለሙን እዩ። አረንጓዴነቱ ያልለቀቀውን ውሰዱ። ቡናማ ሆኖ አቧራ አቧራ የሚሸት ከሆነ እለፉት። ብቅሉ ሳይፈጭ ካገኛችሁት ደግሞ አንድ ፍሬ አኝኩ። ጥሩ ብቅል ጥርስ ላይ በቀላሉ ይፈረካከሳል፣ ትንሽ ቆይቶም ምላስ ላይ ይጣፍጣል። ድንጋይ ሆኖ ጥሬ ገብስ ጥሬ ገብስ ካላችሁ በደንብ አልበቀለም። ሻጋታ የሚሸት እህል በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ሻጋታ የሚያመጣውን መርዝ መጥመቅ አያጠፋውም።

ብቅሉን ራሳችሁ ልታበቅሉት ከፈለጋችሁ ከባድ አይደለም። ያልተፈተገ ገብስ እጠቡና አንድ ቀን ዘፍዝፉት። ውሃውን አጥልሉ። በኮባ ቅጠል፣ ከሌለ በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሦስት ቀን አቆዩት። በቀን አንዴ ገለጥ አድርጋችሁ አገላብጡት፣ እንዳይሞቅና እንዳይሻግት። ሥሩ የፍሬውን ቁመት ሲያህል ፀሐይ ላይ አስጡት። በደንብ ሲደርቅ ይፈጫል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ገዝታችሁ ጀምሩ። አንዱን ሳታውቁ ሁለቱን አትልመዱ።

ዕቃ፦ ክዳን ያለው 20 ሊትር የምግብ ባልዲ፣ አምስት ሊትር የሚይዝ የሸክላ ማሰሮ፣ ምጣድ፣ ማማሰያ፣ ወንፊት፣ ንጹህ ሻሽ፣ አንድ ሜትር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች። ቀለም ወይም ዘይት የነበረበት ጀሪካን አይሆንም፤ የቱንም ያህል ብታጥቡት። አሉሚኒየም ድስትም አይሆንም። ጠላ ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል።

ቀን ቁጠሩ

ከጥንስስ እስከ ጣሳ 16 ቀን ያዙ። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ነሐሴ 20 ትጀምራላችሁ፣ ለጥምቀት ከሆነ ታኅሣሥ 25። ይህ ለአዲስ አበባ አየር ነው። ሞቃት አገር ካላችሁ፣ ድሬዳዋ በሉት አዋሽ፣ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሁለት ቀን ያጥራል። ክረምት ላይ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ቀኑ ግምት ነው፣ የሚወስነው አፍንጫችሁ ነው። ደብተር ያዙ። በየቀኑ አንድ መስመር በቂ ነው፦ ምን ሸተተ፣ ምን ታየ።

ዕቃውን ማጠብና ማጠን

ማሰሮውን በግራዋ ቅጠል ፈትጉት። ግራዋ ከሌለ በሙቅ ውሃና በንጹህ ብሩሽ። ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚያ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ አድርጋችሁ፣ ጭሱ መውጣት ሲጀምር ማሰሮውን ድፉበት። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠን። ሰገነት ላይ ወይም ደጅ አድርጉት። ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፣ ይህ ቀልድ አይደለም። የወይራው ጭስ ለሽታ ብቻ አይምሰላችሁ። ዕቃው ላይ የቀሩትን የማይፈለጉ ተሐዋስያንም ያሳሳል። ፕላስቲክ ባልዲ በዚህ መንገድ ስለማይታጠን ነው ጥንስሱን በማሰሮ የምንጀምረው። የጭሱ ጣዕም ከዚያ ይተላለፋል።

ባልዲውን በሳሙና እጠቡት። ቀጥሎ አራት ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ ውስጡን አዳርሱት፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ። በረኪናን ከኮምጣጤም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትደባልቁ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት። የቀረ በረኪና እርሾውን ይገድለዋል። ማማሰያውም ቱቦውም እንደዚያው።

ጥንስስ (ቀን 1 እስከ 3)

ሦስት ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሳትከድኑ አቀዝቅዙ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ሲፈላ ይወጣለታል። ማሰሮው ውስጥ ጨምሩና 150 ግራሙን የጌሾ ቅጠልና 100 ግራም ብቅል በላዩ አድርጉ። አማስሉ። አፉን በሻሽ ሸፍናችሁ ክደኑት። ሙቀት ያለው ጥግ አስቀምጡት። የእኔ ከፍሪጁ ጀርባ ነው።

መጀመሪያ ቀን ምንም የለም። የተቆረጠ ሣር የሚሸት አረንጓዴ ውሃ ነው። ሁለተኛው ቀን ጌሾው ወደ ላይ ይወጣና ቆብ ይሠራል። በቀን አንዴ አማስሉት፣ ቆቡ እንዳይደርቅ። ሦስተኛው ቀን ስትከፍቱት ሽታው ተቀይሮ ታገኙታላችሁ። ሣሩ ሄዶ፣ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ነገር መጥቷል። ጆሯችሁን ማሰሮው አፍ ላይ አድርጉ። ስስ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያካፋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ካለ ጥንስሱ ተነስቷል። ከሌለ አትቸኩሉ። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አንድ ቀን ጨምሩለት። አምስተኛ ቀን ድረስ ዝም ካለ ግን ሞቷል፣ እንደገና ጀምሩ። የጠፋባችሁ ጌሾና አንድ እፍኝ ብቅል ብቻ ነው።

ቂጣው (ቀን 4 እስከ 6)

አንዱን ኪሎ ዱቄት በውሃ አቡኩት። ጨው የለም፣ እርሾ የለም። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቂጣ ጋግሩ። ሁለቱም ፊቱ ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ይገላበጥ። ውስጡ ጥሬ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የምንጋግረው እኮ ለሽታ ብቻ አይደለም። ስታርች በእርጥበትና በሙቀት ሲበስል ያብጣል፣ ይላላል፣ ያኔ ብቅሉ በቀላሉ ይገባበታል። ጥሬ ሊጥ ላይ ብቅሉ ይደክማል።

አሁን ትዕግሥት። ቂጣው ፍጹም ይቀዝቀዝ። እኔ አንዴ «ለብ ብሏል» ብዬ የጨመርኩት ውጭው ቀዝቅዞ ውስጡ ትኩስ ነበር። ቆርሳችሁ መሐሉን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። ሙቀት ካልተሰማችሁ ደርሷል።

ጥንስሱን ወደ ባልዲው ገልብጡ። ቂጣውን ቆራርሳችሁ ጨምሩ፣ የቀረውን 400 ግራም ብቅልና የጌሾውን እንጨት ጨምሩ፣ አማስሉ። ከባልዲው ቢያንስ ሲሶው ባዶ ይሁን። አረፋው ይነሳል። በዚህ ደረጃ ክዳኑን አታጥብቁ፣ ጣል አድርጉት። በማግስቱ ጠዋት ቂጣው ቅርጹን አጥቶ ታገኙታላችሁ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፣ በቀን አንዴ አማስሉ።

ስለ ጌሾ እንጨት አንድ ነገር። ቅጠሉ ጥንስሱን ያነሳል፣ እንጨቱ ምሬቱን ያጸናል። አንዳንድ ባለሙያ እንጨት ብቻ ይወዳል፣ አንዳንዱ ቅጠል ብቻ። ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ግራም እንጨት በቂ ነው። ምሬት በኋላ መቀነስ አይቻልም።

አሻሮና እንኩሮ (ቀን 6)

የጠላ ቀለምና ጠረን የሚወሰነው እዚህ ነው። እኔ የምወደውም ይህን ቀን ነው።

ኪሎ ተኩሉን ገብስ ምጣድ ላይ ቁሉ። መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ከዚያ ቆሎ ይሆናል። ጀማሪ እዚህ ይቆማል፣ ቤቱ ስለሚያውድ የደረሰ ይመስለዋል። አልደረሰም። ቆሎውን አልፋችሁ ሂዱ። መካከለኛ የተቆላ ቡና ሲመስል አቁሙ። ከዚያ ካለፈ ወደ ከሰል ይሄዳል፣ ጠላውም የተቃጠለ ይላል። ከአምስት ጊዜ አንዴ ያመልጠኛል፤ ሁሌም የሚያመልጠኝ ስልክ ሳነሳ ነው። ምጣዱን ጥላችሁ አትሂዱ። እጃችሁ አይቁም።

ይህ የተቆላ ገብስ አሻሮ ይባላል። ፍጩት። ኪሎ ተኩል ይዛችሁ ወፍጮ ቤት ብትሄዱ ባለወፍጮው «የት ሊደርስ ነው?» ብሎ ያያችኋል። የቤት መፍጫ ይበቃል። በጣም አታልሙት፣ ለማጣራት ያስቸግራል።

የተፈጨውን በትንሽ በትንሹ ውሃ እየረጫችሁ በእጅ አሹት። ሊጥ አይሁን። ጨብጣችሁት ቅርጽ የሚይዝ፣ ስትለቁት የሚፈረፈር ይሁን። ይህንን እንደገና ምጣድ ላይ አድርጋችሁ እያገላበጣችሁ አብስሉት። እንፋሎቱ ሲያልቅና ፍርፋሪው ሲደርቅ እንኩሮ ሆነ። ምክንያቱ ያው የቂጣው ነው፦ የደረቀ ቁላት ጣዕም ይሰጣል፣ ስታርቹን በወጉ የሚያላላው ግን እርጥበት ያለበት ሙቀት ነው።

እንኩሮው ይቀዝቀዝ። ባልዲው ውስጥ ጨምሩና ከሥር እስከ ላይ አማስሉት። ወፍራም ገንፎ ይመስላል። ድፍድፍ ማለት ይህ ነው። በጣም ከጠጠረ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሩ።

ማሸግ፣ እና አንድ ሌሊት

ከዚህ በኋላ አየር ጠላት ነው። አየር ካገኘ የሆምጣጤ ባክቴሪያ ይገባበታል። ድሮ ጋኑ ከተከደነ በኋላ ዙሪያው በጭቃ ይመረግ ነበር። ጭቃው አየር አያስገባም፣ ግፊት ሲበዛ ግን ይሰነጠቅና ጋዙን ይለቃል። ብልህ ነገር ነው። ፕላስቲክ ክዳን ይህን ብልሃት አያውቅም።

ይህን የተማርኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድፍድፉን ጀሪካን ውስጥ አድርጌ፣ ክዳኑን በሙሉ ኃይሌ አጥብቄ፣ ወጥ ቤት አስቀምጬ ተኛሁ። አንድ ጥይት መሰል ድምፅ አስነሳኝ። ክዳኑ ጣሪያውን መትቶ ሶፋ ሥር ገብቷል። ድፍድፉ መብራቱ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቴ ሲሊንደር የፈነዳ መስሏቸው በሌሊት ልብሳቸው በሩን አንኳኩ። ከፈትኩላቸው። አሸተቱ። «ልጄ፣ ጠላ ነው?» አሉኝ። «አዎ እማማ።» «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?» ብለው ወረዱ። ወጥ ቤቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ጌሾ ጌሾ ሸተተ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ክዳኑን ቱቦው ልክ የሚገባበት ያህል ብሱት። ቱቦውን አስገቡና ዙሪያውን በሊጥ ወይም በሰም ድፈኑ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ግማሹ ውሃ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት፤ የጠርሙሱ አፍ ክፍት ይሁን። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም። የቱቦው ባልዲ በኩል ያለው ጫፍ ድፍድፉን እንዳይነካ፣ አለዚያ ይደፈንና ወደ እኔ ታሪክ ትገባላችሁ።

ሰባት ቀን ይቀመጥ። አትክፈቱ። መክፈት ያምራችኋል፣ አውቃለሁ። የምታዩት ጠርሙሱን ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀን በየሰከንዱ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በሳምንቱ መጨረሻ በደቂቃ አንዴ ሁለቴ ከሆነ ደርሷል።

ውሃ መሙላት (ቀን 13)

ሰባት ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። ድፍድፉ ላይ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ መልሳችሁ ክደኑ። ቱቦው እንዳለ ይሁን። ወፈር ያለና ኃይለኛ የምትወዱ ከሆነ አምስት ሊትር ይበቃል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። የጠነከረው ወደ ሥር ይወርዳል፣ ከላይ ጠላው ይቀራል።

ቀምሳችሁ ከመወሰናችሁ በፊት የክብሪት ፈተና አለ። ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ የበራ ክብሪት ከጠላው በላይ አስጠጉ። ወዲያው ከጠፋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ገና እዚያው ነው፣ መፍላቱ አልቆመም ይሆናል። አንድ ቀን ጨምሩ። ፈተናው ፍጹም አይደለም፤ ካልፈላ ጠላ ላይ የሚመጣውን የሆድ መነፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስቀርላችኋል።

መቅዳትና ማጣራት (ቀን 16)

ባልዲውን አትነቅንቁ። ከላይ ያለውን በኩባያ እየቀዳችሁ በወንፊት አሳልፉት። ይህ ደፍረስ ያለው፣ አዲሱ፣ ጉሽ ነው። እኔ ጉሽ እወዳለሁ። አክስቴ «የችኩል መጠጥ» ትለዋለች። ጠራ ያለውን የምትፈልጉ በሻሽ ደግማችሁ አጣሩት፤ ሻሹን አትጭመቁ፣ ራሱ ይንጠብጠብ። ውሃው ቀነስ ተደርጎ በደንብ የተጣራው ነው አዲስ አበባ ውስጥ ፊልተር የሚባለው። ተራው ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ፊልተር ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ያ ማለት ከፋብሪካ ቢራ አያንስም፣ በጣሳ ሲጠጡት ደግሞ መጠኑ አይታወቅም። መኪና ያለው ጓደኛችሁን ቀድማችሁ ንገሩት።

የቀረው ድፍድፍ ላይ ሦስት ሊትር ውሃ ጨምራችሁ አንድ ቀን ካቆያችሁት ቅራሪ ይወጣችኋል። ቀጭን ነው፣ ቀለል ይላል፣ ከምሳ ጋር ይሄዳል። የሚንቁት አሉ። እኔ አይደለሁም።

ጠላውን የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ፣ አንድ አራተኛውን ባዶ ትታችሁ ፍሪጅ አስገቡ። መስታወት ጠርሙስ አትጠቀሙ። ፕላስቲክ ሲያብጥ በእጅ ይታወቃል፤ ጠርሙሱ ድንጋይ ከሆነ ክዳኑን ፈታ አድርጋችሁ አስተንፍሱት። መስታወት ሳይናገር ይፈነዳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠጡት።

ሲበላሽ

ከላይ ስስ ነጭ ሽፋን ካያችሁ አየር ገብቷል ማለት ነው። ገፍፋችሁ ቅመሱ፣ ጣዕሙ ደህና ከሆነ ቶሎ ጠጡት። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ጸጉራም ሻጋታ ከሆነ ግን ገፍፎ መጠጣት የለም፣ ሙሉው ይደፋል። ሆምጣጤ ከሸተተ ክዳኑ ወይም የቱቦው ዙሪያ ቀዳዳ አለው። ጣዕሙ ውሃ ውሃ ካለ አሻሮው ቆሎ ላይ ቆሟል፣ ወይም ብቅሉ ደካማ ነው። ጠጥታችሁ ሆዳችሁ ከተነፋ ቸኩላችኋል።

ጠላን አፍልቶ አረቄ ማውጣት የሚያምራቸው አሉ። ያ ሌላ ሙያ ነው፣ እሳትና መርዝ አለበት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይሞከርም።

ውጭ አገር ላላችሁ

ጌሾ የሐበሻ ሱቅ አይጠፋም። ብቅል ካጣችሁ የቢራ ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ግቡና ያልተቆላውን፣ ነጣ ያለውን የገብስ ብቅል አስፈጭታችሁ ግዙ። ጥቁሩ ያምራል፣ ግን ተቆልቷል፣ ኢንዛይም የለውም። አሻሮውን ኦቭን ውስጥ መቁላት ይቻላል፤ የጭስ ማንቂያውን ግን አስቡበት። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለራስ የሚሆን ቢራ በቤት መጥመቅን ይፈቅዳል፦ በዓመት አንድ አዋቂ ላለበት ቤት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን። መሸጥ አይቻልም። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ ግን ይህን መመሪያ አገር ቤት ስትመጡ ነው የምትጠቀሙበት። እዚያ ወንጀል ነው።

አተላው

ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። ከስምንት ሊትር ጠላ በኋላ ግማሽ ባልዲ አተላ ይቀራችኋል። ሽንት ቤት አትድፉት፣ ቧንቧው ይዘጋል፣ የሚዘጋውም የእናንተ ብቻ አይደለም። ከዚያ ውስጥ አንድ ኩባያ ወፍራሙን ለዩና ፍሪጅ አስቀምጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግማችሁ ከጠመቃችሁ ለሚቀጥለው ጥንስስ ጨምሩት፣ አንድ ቀን ያሳጥርላችኋል። የቀረውን ከብት ወይም በግ ላለው ሰው ስጡት። የታችኛዋ ጎረቤቴ ለበዓል በግ ሲገዙ ቀድመው ባዶ ባልዲ በሬ ላይ ያስቀምጣሉ። አተላው በባልዲ፣ ጉሹ በጆግ ይወርዳል።